የካሱር ውሃ የት ገባ? ድንበሩ ነው ወይስ ቆዳው?

ይህ ክር ከተከፈተ ወራት አልፈዋል። መልሱ 31 ደርሷል። መሃል ላይ ገብታችሁ ጫፉ ያልተያዘላችሁ ብዙ ናችሁ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀምሬ ማን ምን እንዳለ ልንገራችሁ። የራሴንም ሐሳብ ጣል እያደረግኩ ነው የምሄደው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ክሩን የከፈተው ሻርጃ የሚሠራ ወንድማችን ነው። የሥራ ባልደረባው ሾፌር ነው፣ ፓኪስታናዊ፣ የካሱር ልጅ። ካሱር ከላሆር በስተደቡብ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለች የፑንጃብ ከተማ ናት። የሕንድ ድንበር አፍንጫዋ ሥር ነው። ሾፌሩ ስለ አገሩ ሲያወራ ሁልጊዜ የሚያነሳው ሁለት ነገር ነው አለ ወንድማችን፣ የገጣሚውን የቡሌ ሻህን መቃብርና የፍሳሹን ሽታ። ሚያዝያ 2025 ላይ ሕንድ ከፓኪስታን ጋር በ1960 ወንዞቹን የተከፋፈለችበትን የኢንደስ ወንዞች ስምምነት አግጃለሁ ስትል ሰውየው ቀኑን ሙሉ ስልኩ ላይ ተተክሎ ዋለ። ወንድማችን ከዚህ ተነስቶ ደፈር ያለ ነገር ጻፈ። ካሱርን ያደረቃት ድንበሩ ነው አለ። ድንበሩ በ1947 መሬቷን ቆረጠ፣ በ1960 ወንዟን ወሰደ፣ ቆዳ ፋብሪካው የመጣው ለሞተች ከተማ ነው። ከተሳሳትኩ አርሙኝ ብሎ ጨረሰ።

1ኛው መልስ ምስጋና ብቻ ነው። ነገሩ የተጀመረው 2ኛው ላይ ነው። የጻፉት ዕድሜ ልካቸውን ታሪክ ያስተማሩ፣ እዚህ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው። ልጄ፣ ካሱር ወንዝ ያጣችው ከድንበሩም በፊት ነው ብለው በእርጋታ ጀመሩ። ከተማዋ የቆመችው የቢያስ ወንዝ ድሮ ይፈስበት በነበረው ሸለቆ አፋፍ ላይ ነው። ቢያስ በ18ኛው መቶ ዘመን መንገዱን ቀየረ። ራቅ ብሎ፣ ወደ ላይ፣ ሰትለጅ ከሚባለው ወንዝ ጋር ተገናኘና ካሱርን ጥሏት ሄደ። ያኔ ስምምነት የለ፣ ድንበር የለ፣ ፋብሪካ የለ። ወንዙ በራሱ ጊዜ ነው የሄደው።

ጋሼ ስለ ስሟም ጻፉ። አንዱ ወሬ የራማ ልጅ ኩሽ ቆረቆራት ይላል (የእኛ የካም ልጅ ኩሽ አይደለም፣ የሕንዶቹ ነው)። ወንድሙ ደግሞ ላሆርን። ሌላው ወሬ ስሟ ከዐረብኛው ቁሱር የመጣ ነው ይላል፣ ግንቦች ማለት ነው። በሙጋሎች ዘመን ኬሽጊ የሚባሉ የፓሽቱን ቤተሰቦች መጥተው ሰፈሩ። እያንዳንዱ ወገን የራሱን ሰፈር በግንብ አጠረ። ዛሬም ሰፈሮቹ ኮት ሙራድ ካን፣ ኮት ኡስማን ካን እየተባሉ ይጠራሉ፣ ኮት ምሽግ ነው። በ1807 የሲኮቹ ንጉሥ ራንጂት ሲንግ ያዛት። በ1849 እንግሊዝ ፑንጃብን ጠቀለለ። ጋሼ ይህን ሁሉ የጻፉት አንድ ነገር ለማለት ነው። ይቺ ከተማ ብዙ ጌታ አይታለች፣ ውሃዋን ግን አንዳቸውም አልመለሱላትም።

3ኛው መልስ የ1919ኙን ጨመረበት። ሚያዝያ 12 ቀን ካሱር ባቡር ጣቢያ ላይ ሕዝብ ተቆጥቶ ሁለት የእንግሊዝ ወታደሮች ተገደሉ። በማግስቱ ነው አምሪትሳር ከተማ ላይ የእንግሊዝ ጦር የተሰበሰበ ሕዝብ የጨፈጨፈበት የጃሊያንዋላ ባግ እልቂት የደረሰው። ካሱር ውስጥም በአደባባይ ግርፋት ነበር፣ መስቀያ እንጨት ተተክሎ ነበር። ይህን አላውቅም ነበር፣ ካነበብኩ በኋላ እንቅልፍ ነስቶኛል።

4ኛው ክሩን የከፈተው የሻርጃው ልጅ መልስ ነው። የቢያስን ነገር ተቀበለ፣ ግን አልተረታም። ቢያስ ቢሄድ ሰትለጅ ቀርቶላት ነበር አለ። 5ኛው አገዘው። ሕንድና ፓኪስታን ሲለያዩ የተሰመረውን ድንበር፣ የራድክሊፍን መስመር ነገር በደንብ ያወቀ ሰው ነው። ያሰመረው እንግሊዛዊው ጠበቃ ሰር ሲሪል ራድክሊፍ ከዚያ በፊት ሕንድን ረግጦ አያውቅም። አምስት ሳምንት ገደማ ተሰጠው። መስመሩ የተነገረው ነሐሴ 17 ቀን 1947 ነው፣ ነፃነት ከታወጀ ሁለት ቀን በኋላ። ሰው ባንዲራ ሰቅሎ የየትኛው አገር ዜጋ እንደሆነ ሳያውቅ አደረ ማለት ነው። የካሱር አውራጃ ለሁለት ተሰነጠቀ። ከተማዋ ለፓኪስታን ስትደርስ ኬም ካራንና ፓቲ ለሕንድ ሄዱ። ከካሱር በኬም ካራን አልፎ አምሪትሳር የሚደርሰው ባቡር ቆመ። ሂንዱውና ሲኩ ወደዚያ ወጣ፣ ሙስሊሙ ከዚያ መጣ። የሐዲዱን መቆም ሳነብ የገበያ ቀን ትዝ አለኝ። ገበያህ አምሪትሳር የነበረ ሰው ሰኞ ተነስተህ ገበያህ ውጭ አገር ሆነ ስትባል ምን ይሰማሃል?

6ኛው አንድ እርማት አመጣ፣ በጣም ጠቃሚ ነው። ከካሱር ወደ ሕንዷ ከተማ ፊሮዝፑር የሚወስደው መንገድ በፓኪስታን በኩል ጋንዳ ሲንግ ዋላ፣ በሕንድ በኩል ሁሴኒዋላ ላይ ይጋጠማል። ሁሴኒዋላ በእንግሊዞች የተሰቀለው የነፃነት ታጋይ የባጋት ሲንግና የሁለት ጓዶቹ አስከሬን በ1931 የተቃጠለበት ቦታ ነው። በ1947 ለፓኪስታን ደርሶ ነበር። በ1961 ሕንድ 12 መንደር ሰጥታ ለወጠችው። ስለዚህ መስመሩ በ1947 ተሰምሮ አበቃ ማለት ስህተት ነው አለ። ትክክል ነው።

ከ7ኛ እስከ 9ኛ ያለው የታንክ ወሬ ነው። የ1965ቱ ጦርነት፣ አሳል ኡታር ላይ የተደረገው ውጊያ፣ ስንት ታንክ ተቃጠለ፣ ማን አሸነፈ። ሁለቱ ወንድሞች ተነካከሱ፣ እሱን ልለፈው። አንዲት ነገር ግን ከርዕሳችን ጋር ትሄዳለች። የሕንድ ጦር ቦዩን ሰብሮ እርሻውን በውሃ አጥለቀለቀው፣ የፓኪስታን ፓተን ታንኮች ጭቃው ላይ ተቸክለው ቀሩ። ያ አገር ላይ ውሃ መሣሪያም ነበር።

10ኛው መልስ ላይ ትንሽ ልቆይ። የጻፈው የሞጆ ልጅ ነው፣ ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ዓመታት የሠራ። የሞጆን ወንዝ የሚያውቅ ሰው ካሱርን ሳያያት ያውቃታል ብሎ ጀመረ። ከዚያ ሥራውን ከሀ እስከ ፐ አስረዳ። ጥሬ ቆዳ በጨው ታሽቶ ይመጣል። ጨው በውሃ ይታጠባል፣ ያ ጨው የሚሄደው ወደ ፍሳሹ ነው። ከዚያ ኖራና ሰልፋይድ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ፀጉሩ እንዲለቅ። የሰልፋይድ ፍሳሽ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የሚያወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል፣ ጉድጓድ ሊያጸዱ ገብተው ያልወጡ አሉ። ከዚያ በድራም ውስጥ በክሮም ይለፋል፣ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል፣ ዌት ብሉ የሚሉት እሱን ነው። ቆዳው የሚጠጣው ክሮሙን በሙሉ አይደለም፣ ሲሶ ያህሉ ተርፎ ከውሃው ጋር ይወጣል። ከ1 ቶን ጥሬ ቆዳ ያለቀለት ቆዳ ሆኖ የሚወጣው ከ200 እስከ 250 ኪሎ ነው። ሌላው ሁሉ ወይ ዝቃጭ ነው፣ ወይ ፍሳሽ፣ ወይ ቁርጥራጭ። አሁን ይህን በ200 አባዙት አለ። ካሱር ውስጥ ከ200 የሚበልጡ ቆዳ ፋብሪካዎች አሉ፣ ብዙዎቹ ትንንሽ፣ ዲን ጋርና ኒያዝ ናጋር በሚባሉ ሰፈሮች ከመኖሪያ ቤት ጋር የተጣበቁ።

ከዚያ የፃፈው ነው የያዘኝ። መሬቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ፍሳሹ የሚሄድበት አልነበረውም፣ እዚያው ተኛ። ከ300 ኤከር በላይ የሚሸፍን ኩሬ ሆነ፣ ከ120 ሄክታር በላይ ማለት ነው። ሰው በዚያ ዳር ቤት ሠርቶ፣ ልጅ ወልዶ ኖረ። በ1990ዎቹ አጋማሽ መንግሥትና የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ገቡበት። ኩሬው ተንጠፈጠፈ፣ የጋራ ማጣሪያ ተሠርቶ በ2001 ሥራ ጀመረ። ማጣሪያው ግን ቅድመ ማጣሪያ ነው፣ ደረቁን ያስቀርና ሰልፋይዱን ይቀንሳል እንጂ ውሃውን ንጹሕ አያደርገውም። የሚወጣው በፓንዶኪ ቦይ አድርጎ ሰትለጅ ይገባል። ስለዚህ ፋብሪካው ለሞተች ከተማ መጣ የሚለው አይዋጥልኝም አለ። ሟች የተባለችው ከተማ ኩሬው ዳር እየኖረች ነበር።

11ኛዋ ክሮም ያው ካንሰር አይደለም ወይ ብላ ጠየቀች። የሞጆው ልጅ 12ኛው ላይ ተመለሰ። ቆዳ የሚለፋበት ክሮም 3 የሚባለው ነው፣ ካንሰር የሚያመጣው ክሮም 6 ነው። ግን ዝቃጩ ሲቃጠል ወይም ሁኔታው ሲመቸው 3 የነበረው ወደ 6 ሊለወጥ ይችላል። አትደናገጡ፣ አትዘናጉም ብሎ አጠቃለለ።

13ኛው መልስ ባይጻፍ ደስ ይለኝ ነበር። ቆዳ ሥራ ድሮም የቆሻሻ ሰው ሥራ ነው፣ ከእነሱ ምን ትጠብቃላችሁ ይላል ባጭሩ። 14ኛዋ አልማረችውም። አያቷ ሸዋ ውስጥ ፋቂ ነበሩ። ሰው ጫማውን፣ አልጋውን፣ ስልቻውን፣ መጫኛውን ከእሳቸው እጅ እየወሰደ ቤቱ ግን አያስገባቸውም ነበር። በቡና ስኒ እንኳ ይለዩዋቸው ነበር። እጃቸው የሸተተው ለእናንተ ሲሉ ነው ብላ ጻፈች። ሰውየው እስከ ዛሬ አልመለሰላትም፣ ይቅርታም አልጠየቀም፣ መጠየቅ ነበረበት። 15ኛው የእሷን ይዞ ወደ ቡሌ ሻህ መለሰን። ቡሌ ሻህ በ1757 ካሱር ውስጥ ነው የሞተው። ወገኑ ሰይድ ነው፣ ከነቢዩ ዘር። ሆኖም መምህር አድርጎ የመረጠው ከገበሬና ከአትክልተኛ ወገን የሆነውን የላሆሩን ሻህ ኢናያትን ነው። ቤተሰቦቹ አዋረድከን ብለው ተነሱበት። እሱ ግን መምህሩን አልለቀቀም። የዚህን ሰው መቃብር ሊሳለም በየዓመቱ የሚጎርፈው ሕዝብ የሚያርፈው እዚያችው ፍሳሽ የሚሸትባት ከተማ ውስጥ ነው።

ከ16ኛ እስከ 20ኛ ዓባይ ነው። ይመጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። 16ኛው ሕንድ የላይኛው ተፋሰስ አገር ናት፣ ውሃዋን ብትጠቀም መብቷ ነው፣ እኛም የምንለው ይህንኑ አይደለም ወይ አለ። 17ኛው ንድድ ብሎት መለሰ። የ1960ው ስምምነት ላይ ሁለቱም አገሮች ተቀምጠዋል፣ ኔህሩና አዩብ ካን ካራቺ ላይ ፈርመዋል፣ የዓለም ባንክ አደራድሯል። ራቪ፣ ቢያስና ሰትለጅ ለሕንድ፣ ኢንደስ፣ ጄለምና ቼናብ ለፓኪስታን። ፓኪስታን ከምዕራቡ ወንዞች ወደ ምሥራቅ ውሃ የሚያሻግሩ ቦዮች እንድትሠራ ገንዘብም ተሰጥቷል። በ1959 ግብፅና ሱዳን ዓባይን ሲከፋፈሉ ኢትዮጵያን ማን ጠራት? ሁለቱን አታወዳድሩ አለ። 18ኛውና 19ኛው ስድብ ጨምረውበታል፣ አልደግመውም። 20ኛው ላይ ጋሼ ገቡና ልጆች፣ ቤቱ የካሱር ነው፣ የዓባይን ክርክር በሌላ ክር ክፈቱት ብለው ዘጉት። ሁሉም ዝም አለ። የ17ኛውን ክርክር እኔም እቀበለዋለሁ፣ ግን አንድ ነገር ዘሎታል። ስምምነቱ ላይ ፓኪስታን ተቀምጣለች፣ ካሱር አልተቀመጠችም። ለላሆርና ለሙልታን እርሻ በቦይ ውሃ ሲመጣ፣ የሰትለጅ ዳር ሰው ወንዙ ክረምት ብቻ የሚመጣ እንግዳ ሆነበት።

21ኛዋ አሜሪካ ያለች እህታችን ናት። ከሕንድ ሱቅ የምትገዛው ካሱሪ ሜቲ የሚል ፓኮ አላት፣ የአብሽ ቅጠል ነው። እኛ ፍሬውን ነው የምናውቀው። እነሱ ቅጠሉን አድርቀው ወጥ ላይ ይነሰንሱታል። ያ ክሮም ያለበት ነው ወይ ብላ ተጨነቀች። 22ኛው አረጋጋት። ስሙ የካሱር ነው፣ ዝናውም ከዚያ ነው የወጣው። ሕንድ ውስጥ ታሽጎ የሚሸጠው ግን በብዛት ራጃስታን ውስጥ ናጋውር የሚበቅል ነው። መስመሩ ሲሰመር ስሙ ተሻገረ፣ ማሳው ቀረ። በዚያው ስለ ሙዚቃ አነሳ፣ ዘፋኟ ኑር ጀሃን በ1926፣ ባዴ ጉላም አሊ ካን በ1902 ካሱር መወለዳቸውን። እሷ ፓኪስታንን መረጠች፣ እሱ የሕንድ ዜጋ ሆኖ ሞተ።

23ኛዋ የወንጂ ልጅ ናት። ጥርሷ ቡናማ ነው፣ የታላቅ ወንድሟ ጉልበት አይታጠፍም። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ፍሎራይድ ከድንጋዩ ነው የሚመጣው፣ ማንም አላስገባውም። ካሱርና ላሆር አዋሳኝ ላይ ግን ካላላንዋላ የምትባል መንደር አለች አለች። በ2000 የሕፃናት አጥንት እየተጣመመ ወሬው አገር አዳረሰ። ተመራማሪዎች ከርሰ ምድር ውሃውን ሲመረምሩ ፍሎራይድ በሊትር ከ20 ሚሊግራም በላይ አገኙ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ 1.5 ነው። አርሴኒክ ደግሞ እስከ 2400 ማይክሮግራም፣ ጣሪያው 10 ነው። አርሴኒኩ የበረታው ከ24 እስከ 27 ሜትር ባለው ውሃ ላይ ነው፣ ጠለቅ ያለው ከአርሴኒክ ነፃ ነበር። ምንጩ የሸክላ ጡብ ምድጃዎች የሚያነዱት ከሰልና ማዳበሪያው ሳይሆን እንዳልቀረ ጻፉ። የወንጂዋ ልጅ የጨረሰችው በአንድ ጥያቄ ነው። እኛ ላይ ምድሪቱ ያመጣችውን እነሱ ላይ ሰው ካመጣው፣ ማቆም የሚቻል አልነበረም ወይ?

24ኛውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ድንበሩና ቆዳው ሁለት ተለያይተው የሚከሰሱ አይመስሉኝም። ሰትለጅ ዓመቱን ሙሉ ቢፈስ ኖሮ ፍሳሹን ያሳሳው ነበር። ውሃው ሲሄድ ወንዙ ውስጥ የቀረው ፍሳሹ ራሱ ነው። ይህ ደግሞ የፓኪስታን ብቻ አይደለም። ከላይ የሉዲያና ከተማ ፋብሪካዎች ቆሻሻ ቡድሃ ናላ በሚባለው ቦይ ሰትለጅ ይገባል፣ ድንበር አቋርጦ ካሱር ይመጣል። ካሱር የራሷን ትጨምርበታለች። ወንዙ እየተጠማዘዘ ተመልሶ ሕንድ ይገባል፣ ፋዚልካ አካባቢ ያሉ የሕንድ ገበሬዎች ደግሞ የካሱር ቆዳ ፋብሪካ መረዘን ይላሉ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ማታ ማታ ጋንዳ ሲንግ ዋላ ላይ የሁለቱ አገር ወታደሮች ባንዲራ ሲያወርዱ ሕዝቡ ተፋጦ ያጨበጭባል። ስለ ውሃው ግን አብረው የቆሙበት ቀን የለም።

25ኛው ተቆጣኝ። በዳይና ተበዳይን እኩል አደረግክ፣ ሀብታሙን ፋብሪካ ጌታ ነፃ አወጣህ አለኝ። ቃሉ ከረር ያለ ነው። ነፃ አላወጣሁም፣ ግን ስለ ባለቤቶቹ አንድም መስመር አለመጻፌን ሳይ ነቀፋው ቦታ አለው አልኩ። 26ኛው ቻንጋ ማንጋን አነሳ፣ በካሱር ወረዳ ያለውን ሰው የተከለውን ደን። እንግሊዞች በ1866 ለባቡር ማገዶ ብለው ከ12 ሺህ ኤከር በላይ ተክለውት ነበር። ዛሬ በስርቆት እየሳሳ ነው።

ከዚያ ለሁለት ወር ማንም አልጻፈም።

27ኛው መልስ የመጣው ነሐሴ 2025 ነው። የሻርጃው ልጅ ነው የጻፈው። ሰትለጅ መጥቷል አለ። የሕንድ ግድቦች ሞልተው፣ ዝናቡ ተጨምሮበት፣ ጋንዳ ሲንግ ዋላ ላይ በሰከንድ ከ300 ሺህ ኪዩቢክ ጫማ በላይ አለፈ፣ 8,500 ሜትር ኩብ ገደማ። ካሱር ከተማን ለማዳን መከላከያ ግድቡ በአንድ ቦታ ተቆረጠና ውሃው ወደ መንደሮቹ ተለቀቀ። በ2023ም መጥቶ ነበር፣ ይህኛው ግን የባሰ ነው። ወንዙ ለዓመታት ስለጠፋ ሰው አልጋው ላይ አርሷል፣ ቤት ሠርቷል። የባልደረባው ቤተሰቦች ከብቶቹን ይዘው የግድቡ አናት ላይ አድረዋል።

28ኛውና 29ኛው እግዜር ያውጣቸው፣ አላህ ይርዳቸው ነው። ታንክ ላይ የተነካከሱት ሁለቱ ናቸው የጻፉት። 30ኛዋ የወንጂዋ ናት። ጎርፉ የቆዳውን ፍሳሽ ቦይ ጠርጎ ማሳና ጉድጓድ ውስጥ ጨምሮት ይሆናል፣ ሰው ምን እየጠጣ ነው ብላ ጠየቀች።

31ኛው ያለፈው ሳምንት ገባ። ሾፌሩ ዕረፍት ወጥቶ አገሩ ሄዷል። ከግቢው የእጅ ፓምፕ ውሃ በጠርሙስ ቀድቶ ላሆር ላብራቶሪ እንዲያስመረምር ተነግሮታል፣ እሺ ብሏል። ፓምፑ ስንት ሜትር እንደሚገባም ጠይቆታል። 25 አካባቢ ነው።